ውሉ ያልጠፋ ገመድ፦ ስለ ጃፓን የማሰር ጥበብና ስለ ባለሙያዎቹ ሕይወት የቀረበ ዲስኩር

ሺባሪ በጃፓንኛ «ማሰር» ማለት ነው። ኪንባኩ የሚባለው ሌላው ስሙ «አጥብቆ ማሰር» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ሁለቱም ቃላት ዛሬ የአንድ የመድረክ ሥራ መጠሪያ ሆነዋል። በዚህ ሥራ አንድ ሰው ሌላውን ሰው በተመልካች ፊት በገመድ ያስረዋል፤ አንዳንዴ ከመሬት አንሥቶ ያንጠለጥለዋል፤ ከዚያ መልሶ ይፈታዋል። አብዛኛውን ጊዜ ንግግር የለም። ከሙዚቃው ሥር የሚሰማው ገመድ በገመድ ላይ ሲሳብ የሚያወጣው ድምፅና የታሳሪው ትንፋሽ ነው።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ከነጌሌም፣ ከያቤሎም፣ ከአሬሮም የመጣችሁ እንግዶች፣ ለዚህ ዲስኩር የቀረበው ጥሪ ከሩቅ አገር ስለመጣ የመድረክ ጥበብ እንዲነገር የሚጠይቅ ነበር። የተመረጠው ርእስ ብዙ ሰው ገና ስሙን ሲሰማ ፊቱን የሚያዞርበት ነው። ቢያዞርም አይፈረድበትም። ሰውን ማሰር በየትኛውም አገር ቋንቋ ደግ ነገርን አያስታውስም፤ በአማርኛማ ወህኒውም «እስር ቤት» ነው። ሆኖም ስለ ገመድ ለመናገር ከዚህ የተሻለ አዳራሽ ማግኘት ያስቸግራል። ግመል ሲጫን ያላየ፣ ጎጆ ያለ ሚስማር በማሰሪያ ብቻ ሲቆም ያልተመለከተ ሰው እዚህ የለም።

ዲስኩሩ ቅደም ተከተል አለው። በቅድሚያ ገመዱ ከየት ተነሥቶ መድረክ ላይ እንደወጣ ይነገራል። ቀጥሎ ገመዱ ራሱ፣ ከዚያም አሳሪና ታሳሪው፣ በሰውነት ላይ የሚደርሰው ጉዳት፣ በመጨረሻም የባለሙያው እንጀራ ይነሣል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቃል ግን ከመነሻው መያዝ አለበት፤ ቃሉ «ውል» ነው። ፈትል የምትፈትል እናት «የልቃቂቱ ውል ጠፋ» ስትል የክሩን ጫፍ እየፈለገች ነው። ጫፉ ካልተገኘ ልቃቂቱ አይተረተርም። ሻጭና ገዢ ውል ሲዋዋሉ ደግሞ ቃሉ ስምምነት ይሆናል። አማርኛ ለክር ጫፍና ለስምምነት አንድ ስም መስጠቱ ለሌላ ጊዜ የሚተው የቋንቋ ጨዋታ ቢመስልም፣ ስለ ጃፓኑ ጥበብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር እዚያ ውስጥ አለ። አሳሪው ሁለቱንም ውሎች መያዝ አለበት። አንዱ ከጠፋበት የሚሠራው ሥራ ሌላ ስም ያገኛል።

መጀመሪያ ገመዱ ከየት መጣ የሚለው። ጃፓን ውስጥ ገመድ የዕቃ ማሰሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የአገሪቱ ጥንታዊ የታሪክ ዘመን «ጆሞን» ይባላል። ትርጉሙ «የገመድ ጥለት» ማለት ነው፤ የዚያ ዘመን ሰዎች ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ እርጥብ ሸክላ ላይ ገመድ እያንከባለሉ ያስጌጡ ስለነበር ነው። ሺንቶ በሚባለው የጃፓን ሃይማኖት ቤተ መቅደሶች በር ላይ ከሩዝ ገለባ የተገመደ ወፍራም ገመድ ይንጠለጠላል። ከገመዱ ወዲያ ያለው ስፍራ የተቀደሰ መሆኑን ያመለክታል። በኢዙሞ ቤተ መቅደስ ያለው 13 ሜትር ከግማሽ ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ5 ቶን ይበልጣል። በሱሞ ትግል የመጨረሻውን ማዕረግ ያገኘ ታጋይ ዮኮዙና ይባላል። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «አግድም ገመድ» ነው፤ ታጋዩ ወደ ሜዳ ሲገባ ነጭ ገመድ ወገቡ ላይ ይታጠቃል። ማተብ በአንገት የሚታሰርበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀጭን ክር ናት፣ ግን «ማተብ የሌለው» ማለት ትልቅ ስድብ ነው።

የመድረኩ ገመድ የቅርብ ዘመድ ግን የቤተ መቅደሱ ገመድ አይደለም፤ የወህኒው ነው። ከ1603 እስከ 1868 በቆየው የኤዶ ዘመን የሳሙራይ መንግሥት እስረኛን በገመድ የመያዝ ጥበብ ነበረው። ሆጆጁትሱ ይባላል። ትምህርቱ በልዩ ልዩ ቤቶች ይሰጥ ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት አተሳሰሩን ከሌላው ይደብቃል። ሰው ሲያዝ በችኮላ የሚታሰርበት ገመድና ወደ ዳኛ ወይም ወደ ቅጣት ሲወሰድ የሚታሰርበት ገመድ የተለያዩ ነበሩ። የኋለኛው በእስረኛው ማዕረግ፣ በጾታውና በሥራው መጠን ይለያያል፤ መነኩሴና ወታደር አንድ ዓይነት አይታሰሩም። ከሚጠቀሱት ደንቦች መካከል እስረኛው ማምለጥ የለበትም፣ ገመዱም ሊጎዳው አይገባም፣ አተሳሰሩም ለዓይን ያማረ ይሁን የሚሉ ይገኙባቸዋል። ሦስተኛው ደንብ ያስገርማል። ወህኒ ቤት ስለ ውበት የሚጨነቅበት ምክንያት እስረኛው በከተማው መካከል ለሕዝብ እየታየ ስለሚሄድ ነው፤ ገመዱ የመንግሥት ፊርማ ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያዊ ሰሚ ባዕድ አይደለም። የፊጥኝ ማሰር የሚባለው፣ ሁለት እጅን ወደ ኋላ አዙሮ ክንድን ከክንድ ማጠባበቅ፣ በአገራችን የታወቀ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት የቁራኛ ሥርዓትም ነበር፤ ዛሬ «የቁራኛ ጥበቃ» የሚለው አነጋገር ከዚያ የወጣ ነው። የደርግ ዘመን ደግሞ ወፌ ላላን ትቶ አልፏል። እጅና ጉልበቱ ታስሮ፣ በመካከል እንጨት ገብቶበት፣ ተዘቅዝቆ ውስጥ እግሩን የተገረፈ ሰው በየከተማው አለ። አንዳንዱ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሊኖርም ይችላል። ስለዚህ አንድ ጃፓናዊ ሰውን አስሮ ሲያንጠለጥል የሚያሳይ ፎቶ ሲታይ የሚመጣው ድንጋጤ ትክክለኛ ድንጋጤ ነው። ዲስኩሩ ያንን ድንጋጤ ለማባበል አልመጣም። ገመዱ አንድ ነው፤ የሰውነት ቅርጹም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የሚለየው ሌላ ቦታ ነው፤ ቦታውንም በየደረጃው ማየት ይቻላል።

ገመዱን ከወህኒ ወደ መድረክ ያሻገረው ቲያትር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው፤ ታሪኩ ስለሚያምር። በ1757 በአሻንጉሊት ቲያትር ታይቶ በኋላ ካቡኪ ወደሚባለው የተዋናዮች ቲያትር የተሻገረ አንድ ተውኔት አለ። በተውኔቱ ውስጥ ዩኪሂሜ የምትባል የሠዓሊ ልጅ አለች። አባቷን የገደለው ሹም የአንድ ቤተ መቅደስን ጣሪያ በዘንዶ ሥዕል እንድታስጌጥለት፣ አለዚያም የእርሱ እንድትሆን ያስገድዳታል። እምቢ ስትል ያበበ የቼሪ ዛፍ ላይ ያስራታል። አበባው ከላይ ይረግፋል፤ መድረኩ በአበባ ይሸፈናል። ያን ጊዜ ዩኪሂሜ የአያቷን የሴሹን ታሪክ ታስታውሳለች። ሴሹ በእርግጥ የነበረ ታላቅ ሠዓሊ ነው። በልጅነቱ ምሰሶ ላይ ታስሮ በእንባው አይጥ እንደሣለና አይጧ ሕይወት ያላት እንደመሰለች አፈ ታሪኩ ይናገራል። እርሷም እጆቿ ታስረዋልና በእግር ጣቶቿ በረገፈው አበባ ላይ አይጦች ትሥላለች። አይጦቹ ነፍስ ዘርተው ገመዱን በልተው ይፈቷታል።

ይህን ሚና በካቡኪ ወግ የሚጫወተው ወንድ ነው፤ ከከባዶቹ የልዕልት ሚናዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ከባድ ያደረገው ምን ይሆን? ተዋናዩ እጅ የለውም። በካቡኪ እጅ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፤ ማራገቢያ ይይዛል፣ እጅጌ ያወዛውዛል፣ እንባ ይጠርጋል። ይህ ተዋናይ ግን ሐዘኑንም ቁጣውንም በአንገቱ፣ በትከሻውና በእግሩ ጣት ብቻ ማሳየት አለበት። ታስሮ መጫወት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ጃፓኖች ያወቁት እንዲህ ካሉ ትዕይንቶች ነው። ዛሬ በገመድ ትርኢት ላይ «ታሳሪው ምን ይሠራል? ዝም ብሎ ይታሰራል» ለሚል ሰው ከዩኪሂሜ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ከካቡኪ ወዲህ ያለው ታሪክ ፈጠን ብሎ ሊታለፍ ይችላል። ኢቶ ሴይዩ፣ ከ1882 እስከ 1961 የኖረ የቶኪዮ ሠዓሊ፣ የካቡኪን የቅጣት ትዕይንቶች ይወድ ነበር። ሞዴሎችን አስሮ ፎቶ እያነሣ፣ ከፎቶው ላይ ይሥል ነበር። ሚስቱን ነፍሰ ጡር ሳለች ዘቅዝቆ አንጠልጥሎ ያነሣት ፎቶ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። መነሻው በ1885 የታተመ የሠዓሊው ዮሺቶሺ ሥዕል ነበር። ብዙዎች ኢቶን የኪንባኩ አባት ይሉታል። አባትነቱ ግን ከዛሬው መመዘኛ ጋር የሚጋጭ ብዙ ነገር አለበት፤ በተለይ ሞዴሎቹ ምን እንደተሰማቸው ከእነርሱ አፍ የቀረ ነገር ጥቂት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ኪታን ክለብ የሚባል መጽሔት ታየ፤ እየቆየም የዚህ ዓይነት ሥዕልና ጽሑፍ መድረክ ሆነ። በ1960ዎቹ ዳን ኦኒሮኩ የተባለው ደራሲ ልብ ወለዱን በዚያ በተከታታይ አወጣ። ልብ ወለዱ በ1974 ፊልም ሲሆን ገመድ ከመጽሔት ገጽ ወደ ሲኒማ ቤት ገባ። መደበቅ የሌለበት ነገር አለ፤ ይህ ሁሉ ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆን፣ ከፍትወት ጋር የተሳሰረ ሥራ ነበር። ዛሬም ብዙው እንደዚያው ነው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ዳንስ፣ ወደ ኦፔራና ወደ ሥዕል ማሳያ አዳራሽ የሄደው ክፍል ግን እያደገ መጥቷል።

በፊልሙና በመድረኩ ላይ አሳሪ ሆኖ የሚሠራው ሰው ናዋሺ ተባለ፤ «የገመድ ባለሙያ» ማለት ነው። እስከ 2013 የኖረው ኑሬኪ ቺሙዎ፣ በ2005 ያረፈው አኬቺ ዴንኪ፣ በ2016 ያረፈው ዩኪሙራ ሃሩኪ በስም የሚጠሩ ናቸው። ሦስቱ እጅግ ይለያያሉ። አኬቺ ሰውን ከመሬት በማንሣት ይታወቃል። ዩኪሙራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ ወይም በሁለት ገመድ ብቻ፣ ከታሳሪዋ ጋር የሚነጋገር ያህል በዝግታ ይሠራ ነበር። የዲስኩሩ አቅራቢ ምርጫ ይጠየቅ ከተባለ ወደ ዩኪሙራ ያደላል። ማንጠልጠል ዓይንን ይይዛል፤ ቀስ ብሎ ማሰር ግን ማዳመጥን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ገመዱ ራሱ። ባለሙያው የሚጠቀምበት በአብዛኛው የጁት ወይም የሄምፕ ገመድ ነው። ጁት እንግዳ አይምሰል፤ ቡና የሚሞላበት ጆንያ የሚሠራበት ጭረት እርሱ ነው። የገመዱ ውፍረት 6 ሚሊሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 7 ወይም 8 ሜትር ሲሆን ሦስት ክር ተገምዶ ይሠራል። የናይለን ገመድ ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ግን ያንሸራትታል፣ ይለጠጣል፣ በፍጥነት ሲሳብም ቆዳ ያቃጥላል። የጭረት ገመድ በራሱ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ቋጠሮ አያስፈልገውም፤ ጠምዝዞ መቆለፍ ይበቃዋል። ቋጠሮው ትንሽ ሲሆን መፍታቱ ፈጣን ይሆናል። የግመል ጫኝ ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ጥሩ ጭነት መንገድ ላይ አይፈታም፤ ሲደረስ ግን በአንድ ስበት ይወርዳል።

ገመዱ ከሱቅ እንደመጣ ሰውነት ላይ አይውልም። ሻካራ ነው፣ ፀጉራም ነው፣ የፋብሪካ ሽታ አለው። ባለሙያው አንዳንዴ ያፈላዋል፤ ከዚያ ወጥሮ፣ ክብደት አንጠልጥሎበት ያደርቀዋል፤ አለዚያ ይጠመዘዛል። ሲደርቅ በእሳት ነበልባል ላይ ቶሎ ቶሎ እያሳለፈ ፀጉሩን ይለበልበዋል። የቆየ ከተቃጠለ ገመዱ ይደክማልና እጅ መፍጠን አለበት። ቀጥሎ ጥቂት ዘይት ይቀባዋል፤ ብዙ ከሆነ ገመዱ ይንሸራተታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። በመጨረሻ ደጋግሞ በእጁ እየሳበ ያለዝበዋል። ለአንድ ትርኢት ስምንት፣ አሥር እንዲህ ያሉ ገመዶች ያስፈልጋሉ። የባለሙያው ቀን ግማሹ ተመልካች በማያየው በዚህ ሥራ ያልፋል። ቆዳ የምታለፋ፣ ከጭረት ጎርፋ የሚባለውን የወተት ዕቃ የምትሠራ የቦረና ሴት ስለዚህ ሥራ ብትሰማ ምናልባት ከቶኪዮ ተመልካች ይልቅ የባለሙያውን ድካም የምትረዳው እርሷ ትሆን ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው የመድረኩ ሥራ ነው። ገመዱ ከመካከሉ ይታጠፋል፤ የሚጀመረው ከታጠፈው ጫፍ ነው፤ ውሉ ይህ ነው። አሳሪው ከታሳሪው ጀርባ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው እስር ታካቴ ኮቴ የሚባለው ነው፤ እጆች ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፣ ገመዱ ከክንድ በላይና በታች ደረትን ይዞራል። በእኛ ዓይን የፊጥኝ ነው። ልዩነቱ ከውስጥ ነው። በፊጥኝ ክንድ ከክንድ ይጠባበቅና መገጣጠሚያው ያብጣል። በታካቴ ኮቴ ግን ክብደቱ ለብዙ ዙር ገመድ ተከፋፍሎ በደረት ላይ ይበተናል። ዙሮቹ ሳይነባበሩ ጎን ለጎን መተኛት አለባቸው፤ አንዱ ገመድ በሌላው ላይ ከወጣ እዚያች ነጥብ ላይ እንደ ቢላ ይቆርጣል።

ታሳሪው በዚህ ጊዜ ሥራ ፈት አይደለም። ትንፋሹን ከገመዱ ጋር ያስማማል። ደረት ሲሞላ ገመዱ ይጠብቃል፣ ሲወጣ ይላላል፤ ልምድ ያለው ታሳሪ አሳሪው ሲስብ ትንፋሽ ያወጣል። ከመሬት ሲነሣ ክብደቱን ወደ የትኛው ገመድ እንደሚጥል ያውቃል። የሆዱንና የጀርባውን ጡንቻ ይዞ ይቆያል። ጣቶቹን በየጊዜው ያንቀሳቅሳል። ፊቱ ግን ይህን ሁሉ ማሳየት የለበትም፤ የሚያሳየው ሚናውን ነው። ሁለቱን ሥራዎች ለብቻው የሚይዝም አለ። ጂባኩ በሚባለው ትርኢት አንድ ሰው ራሱን በራሱ አስሮ፣ ራሱን አንጠልጥሎ፣ ራሱን ፈትቶ ይወርዳል። አሳሪው ወንድ ታሳሪዋ ሴት ናት የሚለው አሮጌ ሥዕልም ተቀይሯል፤ ዛሬ ስመ ጥር ሴት አሳሪዎች ብዙ ናቸው።

መድረኮቹም በዝተዋል። የበርሊኗ የዳንስ ባለሙያ ዳስኒያ ዞመር ባሌ ተምራ ገመድን ከዳንስ ጋር አዋሕዳለች። በ2011 በብራስልስ የላ ሞኔ ኦፔራ ቤት ሮሜዮ ካስቴሉቺ ያዘጋጀው የዋግነር ፓርሲፋል ሲቀርብ የገመዱ ሥራ የእርሷ ነበር። በ1977 የተወለደው ጃፓናዊው ሃጂሜ ኪኖኮ ደግሞ ከትርኢቱ ጎን በቀይ ገመድ አዳራሽ የሚሞላ ድር ይሠራል። በእርሱ ሥራ ገመዱ ሰውን ብቻ ሳይሆን ዛፍና ሕንፃንም ያቅፋል።

አሁን ስለ ሰውነት። በላይኛው ክንድ አጥንት ጀርባ ተጠምዝዞ ወደ ውጭ የሚወጣ ነርቭ አለ፤ የእጅን አንጓና ጣቶችን ወደ ላይ የሚያነሣው እርሱ ነው። አጥንቱ ላይ ተለጥፎ የሚያልፍበት ቦታ ትንሽ ጫና አይችልም። ሰው ጠጥቶ ክንዱን የወንበር መደገፊያ ላይ አንጠልጥሎ ተኝቶ ሲነሣ መዳፉ ተልፈስፍሶ አልነሣ የሚለው በዚህ ነርቭ ምክንያት ነው። ገመድም ይህንኑ ያደርጋል፤ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ በቀናት ይመለሳል፤ ከባድ ከሆነ ወራት ይፈጃል። ሁልጊዜ ሕመም አይቀድመውም፤ ስለዚህም ተንኮለኛ ነው። ቀድሞ የሚመጣው መደንዘዝ ወይም የአውራ ጣት መድከም ነው። ታሳሪው በየጊዜው መዳፉን ወደ ላይ የሚያነሣው፣ የአሳሪውንም ጣት የሚጨብጠው ለዚህ ነው፤ ተመልካቹ የፍቅር ምልክት ይመስለዋል፣ የጤና ምርመራ ነው።

ሌሎች አደጋዎችም አሉ። የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ተከማችቶ ራሱን ሊስት ይችላል። ማንጠልጠያው ቀለበት ወይም ቀርከሃ ሊሰበር ይችላል። ገመድ አንገት ላይ ሲደርስ ጥበብም ጨዋታም ያበቃል። በ2011 በሮም ከመድረክ ውጭ በተደረገ የገመድ ጨዋታ የአንዲት ወጣት ሕይወት አልፎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ከወገቡ ጫፉ የደነዘዘ መቀስ አይለይም። ያን ያህል የተደከመበትን ገመድ በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ የማይሳሳ እጅም ያስፈልጋል። ቱላ በሚባለው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ በእንጨት መቆሚያ ላይ ተደርድረው እያዜሙ ውኃ የሚቀባበሉ የቦረና ጎልማሶችም ዜማውን የሚያቆሙት አንዱ «ቁሙ» ሲል ነው። ዜማው ያማረ ነው፣ ከብቱም ከላይ ይጠብቃል፤ ቢሆንም ይቆማል።

ወደ እንጀራው ሲመጣ ወሬው ያጥራል፤ እንጀራው ቀጭን ነውና። የትርኢት ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ናቸው፤ የመግቢያ ገንዘቡ ለቤት ኪራይ አይተርፍም። ስለዚህ አብዛኛው ባለሙያ የሚኖረው በማስተማር፣ ለፎቶና ለፊልም በማሰር፣ ገመድ አሰናድቶ በመሸጥም ነው። ከአገር አገር ይዞራል። ቅዳሜ ትርኢት፣ እሑድ ትምህርት፣ ሰኞ አውቶቡስ ወይም አውሮፕላን። ብዙዎቹ በመድረክ ስም ይኖራሉ፤ ቤተሰባቸው ሥራቸውን የማያውቅ ወይም አውቆ የማያነሣ ጥቂት አይደለም። በአገራችን አዝማሪ በሠርጉ ተፈልጎ ልጅ ሲዳርለት ግን የሚታፈርበት ዘመን ነበር። የተመልካቹ ጥማትና ንቀት በአንድ ቤት ማደራቸው የጃፓን ብቻ አይደለም።

በሰውነቱ ለሚኖር ባለሙያ ከኢትዮጵያ ቅርብ ምሳሌ የሚሆኑት የሰርከስ ልጆች ናቸው። በ1991 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን ወደ ዓለም መድረክ አውጥቷል። ሶስና ወጋየሁ በልጅነቷ በቴሌቪዥን ያየችውን የጀርመን ሰርከስ እየተከተለች ሰውነቷን ማጠፍ ራሷን ያስተማረች ናት። ከቡድኑ ጋር ወደ አውስትራሊያ ሄዳ እዚያ ቀረች፤ በኋላም በአዲስ አበባ የጋሞ ሰርከስ ትምህርት ቤትን መሠረተች። እርሷ ገመድ አሳሪ አይደለችም፤ ሥራዋም ከፍትወት ጋር አይገናኝም። የሚያገናኛቸው የኑሮው ዓይነት ነው፦ አንድ የተጎዳ ጅማት የዓመት ገቢ የሚወስድበት፣ ዕድሜ ሲገፋ ከመታየት ወደ ማስተማር መሻገር ግድ የሚሆንበት ኑሮ።

የመጨረሻው ነጥብ ሁለተኛው ውል ነው። ኖቡዮሺ አራኪ፣ በ1940 የተወለደው ፎቶ አንሺ፣ የታሰሩ ሴቶችን ፎቶ በዓለም ታላላቅ የሥዕል አዳራሾች አሳይቷል። ካኦሪ በሚል ስም የምትታወቅ ዳንሰኛ ከ2001 እስከ 2016 ሞዴሉ ነበረች። በ2018 የራሷን ጽሑፍ አወጣች። የተፈረመ ውል እንዳልነበራት፣ ለብዙ ሥራ እንዳልተከፈላት፣ ምስሎቿ ሳትጠየቅ መጽሐፍና ዕቃ ላይ እንደታተሙ፣ ይህም በዕለት ኑሮዋ እንዳዋከባት ጻፈች። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አቤቱታዋ ገመዱ አሳመመኝ የሚል አለመሆኑ ነው። ሰውነቷ ተፈትቶ ወደ ቤቷ ሄዳለች፤ ምስሏ ግን እንደታሰረ ቀረ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ በጃፓንም በሌላ አገርም ስለ ሞዴሎችና ስለ ታሳሪዎች መብት ክርክሩ ተጋግሏል።

ዛሬ ጠንቃቃ ባለሙያዎች ከትርኢት በፊት ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። የትኛው ትከሻ ቀድሞ ተጎድቶ ያውቃል? የትኛው የሰውነት ክፍል አይነካም? ፎቶ ማን ያነሣል፣ የት ይወጣል? ገንዘቡ ለሁለቱ እንዴት ይካፈላል? «በቃ» የሚለው ምልክትስ ምንድን ነው? መናገር ካልተቻለ ምልክቱ በእጅ ይሆናል፤ አንዳንዱ ታሳሪ ትንሽ ዕቃ ጨብጦ ይቆይና ሲበቃው ይጥለዋል። ዕቃው ወለል ላይ ሲወድቅ አሳሪው ሙዚቃው እስኪያልቅ አይጠብቅም። በወፌ ላላው ክፍልና በዚህ መድረክ መካከል ያለው ልዩነት የሚገኘው እዚህ ነው። በዚያኛው ክፍል የታሰረው ሰው «ፍቱኝ» ማለቱ ምንም አያመጣም ነበር።

መፍታቱም የትርኢቱ ክፍል ነው። አዲስ አሳሪዎች ማሰሩን አስረዝመው መፍታቱን ይሮጡበታል፤ የቆዩት ግን ቀስ ይላሉ። እግር መሬት ሲነካ ደም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ታሳሪው ድካም ወይም እንባ ሊመጣበት ይችላል። አሳሪው ከኋላ ደግፎት ይቀመጣል። ክንዶቹ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት አይመለሱም፤ ቀስ በቀስ፣ ትከሻው እየታሸ ይመጣሉ። በቆዳው ላይ የገመዱ ጥለት ታትሞ ይታያል፤ እንደ ጆሞን ሸክላ። አብዛኛው ምልክት በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ ወለሉ ላይ የተበተነው ገመድ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በጣቶች መካከል ይሳባል፤ የላላ ክር፣ የተበጠሰ ጭረት ይፈለጋል። ደኅነኛው ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው መድረክ ይቀመጣል። የደከመው ምልክት ይደረግበትና ለምንጣፍ ላይ ልምምድ ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ከመሬት አያነሣም።